ከጉሙ ማዶ ያለው መብራት፦ የጋላክሲን አቧራ ለመለካት የትኛውን መንገድ ልምረጥ?

ክረምት ላይ ማታ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ሐረጎ ላይ ጉሙ እንዴት እንደሚቀበለው ያውቃል። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲይዝ ወሬው ይቆማል፣ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት ያወጣል፣ ሾፌሩ ረጅሙን መብራት አብርቶ ወዲያው ያጠፋዋል። ረጅሙ ሲበራ ጉሙ ራሱ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ይቆማላ! ባለፈው ነሐሴ እዚያው ቁልቁለት ላይ የቀድሞ ተማሪዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አሁን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያጠናል። "ቲቸር፣ የመመረቂያ ጽሑፌን በጋላክሲ አቧራ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ፤ ግን ዘዴው በዛብኝ፣ የትኛውን ልያዝ?" አለኝ። እኔም ወደ መስኮቱ እያመለከትኩ "መጀመሪያ ይሄን ጉም ከመኪናው ሳትወርድ ለካልኝ" አልኩት።

ኮምቦልቻ እስክንደርስ አራት መንገድ አገኘን። ከታች የሚመጣ አይሱዙ ሁለት እኩል መብራት አለው፤ አንደኛው የጉም ቁራጭ ጀርባ ገብቶ ሌላኛው ጥርት ብሎ ከታየ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጉሙ የበላው ነው። ራቅ ብሎ የከተማው መብራቶች አሉ፤ ጥርት ባለ ማታ ስንት እንደሚታዩ የሚያውቅ ሰው የዛሬዎቹን ቆጥሮ የጎደለውን ያሰላል። ሦስተኛው የመብራቶቹ ቀለም ተለውጦ እንደሆነ ማየት ነው። አራተኛው መብራቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ እጅን በመስኮት ማውጣትና ምን ያህል እንደረጠበ ማየት ነው።

የሥነ ፈለክ ሰዎች በጎረቤት ጋላክሲዎች ላይ የሚሠሩትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከዚያ ማታ ወዲህ ሌሎች ተማሪዎችም ስለጠየቁኝ ነው ይህን የምጽፈው። ላፕቶፕ፣ የሞባይል ዳታና ትዕግሥት ብቻ ላለው ሰው እንዲሆን አድርጌ ነው የምጽፈው፤ የራሱ ትልቅ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው የእኔን ምክር አይፈልግም።

አቧራው ምንድን ነው? ለምንስ ከጀርባ በሚመጣ ብርሃን?

በከዋክብት መካከል ያለው አቧራ ከቤታችን አቧራ ይልቅ ለጭስ ይቀርባል። ቅንጣቶቹ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያነሱ፣ ከካርቦንና ከሲሊኬት የተሠሩ ናቸው። አሮጌ ከዋክብት በንፋሳቸው ይረጩታል፣ የሚፈነዱ ከዋክብትም ይጨምሩበታል። በእኛ ጋላክሲ ክብደቱ ከጋዙ መቶኛ ያህል ብቻ ነው፤ ግን ክብደቱ አያታላችሁ፣ የሚታየውን ብርሃን የሚጋርደው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) እስከ 1930 ድረስ በከዋክብት መካከል ያለው ሰማይ ባዶ ነው ብሎ ማስላት የተለመደ ነበር። በዚያ ዓመት ሮበርት ትረምፕለር የከዋክብት ስብስቦችን ብርሃንና ስፋት አወዳድሮ ሩቆቹ ከሚገባው በላይ የደበዘዙ መሆናቸውን አሳየ፤ በመካከል የሚበላ ነገር እንዳለ የታመነው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ መለኪያው አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። የተጋረደ ብርሃን የሚነገረው በማግኒቲዩድ ነው። 1 ማግኒቲዩድ ተጋረደ ማለት ከ100 ጨረር 40 ያህሉ አለፈ ማለት ነው፤ 0.75 ከሆነ ግማሹ አለፈ።

ታዲያ ጋላክሲው የራሱ ቢሊዮን ከዋክብት እያሉት ለምን ከጀርባ ሌላ ብርሃን እንፈልጋለን? መልሱ የሾፌሩ ረጅም መብራት ነው። የጋላክሲው ከዋክብትና አቧራው እንደ ሽሮና በርበሬ ተደባልቀው ነው ያሉት። ከአቧራው ፊት ያለው ኮከብ ምንም ሳይነካው ይደርሰናል፣ ከኋላ ያለው ጨርሶ ይጠፋል፣ እኛ የምናየው ድምሩን ነው። ብዙ አቧራ ያለበት ጋላክሲ የፊቶቹ ከዋክብት ስላበሩለት ብቻ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይህ ጉዳይ በ1989 እና በ1990 አካባቢ ትልቅ ክርክር አስነስቶ ነበር፤ ጠምዛዛ ጋላክሲዎች ብርሃን የሚያሳልፉ ናቸው የሚለው የቆየ እምነት ተጠየቀ፣ ጋላክሲዎችን ከፊትና ከጎን እያዩ ብርሃናቸውን ማወዳደር ብቻውን እንደማይፈርድ ግልጽ ሆነ። ሙሉ በሙሉ ከአቧራው ማዶ ያለ መብራት ግን አያደላም። ጨረሩ መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዘዴ ስትመርጡ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ከማዶ ያለውን መብራት፣ አቧራው ባይኖር ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር፣ በምን አውቃለሁ?

ተደራራቢ ጥንዶች፦ የአይሱዙው ሁለት መብራት

ይህ የእኔ ምርጫ መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ያደላሁ ከመሰላችሁም አልደብቅም።

አንዳንድ ጊዜ አንድ ጠምዛዛ ጋላክሲ ከኛ እይታ አንጻር ሌላ ጋላክሲን በከፊል ይሸፍናል። ከኋላ ያለው ሞላላ ጋላክሲ ከሆነ እንጀራችን በወጥ ተገኘ፤ ሞላላዎች ልስልስ ያሉ፣ አቧራቸው ትንሽ፣ ግራቸው ከቀኛቸው የሚመሳሰል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሬይመንድ ኋይትና ዊልያም ኪል ይህን ተመሳሳይነት ወደ ሚዛን ቀየሩት። የተደራረበውን ቦታ ትወስዳላችሁ። ጠምዛዛው እዚያ ቦታ ላይ የራሱ ብርሃን ስንት እንደሆነ ለማወቅ፣ ከማዕከሉ በተቃራኒ በኩል ያለውን፣ በ180 ዲግሪ ሲዞር የሚገጥመውን ያልተደራረበ ቦታ ታያላችሁ። ለሞላላውም እንዲሁ። ከዚያ ቅነሳና ማካፈል ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። የተደራረበው ቦታ 90 ብርሃን ይሰጣል እንበል። የጠምዛዛው ተቃራኒ ቦታ 40፣ የሞላላው ተቃራኒ ቦታ 80። ከ90 ላይ የጠምዛዛውን የራሱን 40 ስትቀንሱ 50 ይቀራል፤ ይህ ከማዶ አልፎ የመጣው ነው። 80 መሆን ሲገባው 50 ስለሆነ 0.625 አለፈ፣ ማለትም 0.51 ማግኒቲዩድ ተጋረደ። በቃ። ስለ አቧራው ሙቀት ወይም ስለ ቅንጣቱ ዓይነት፣ ስለ ከዋክብቱ ዕድሜም ቢሆን ምንም አልገመታችሁም።

የሚያስከፍለውም ግልጽ ነው። ጠምዛዛው በዚያ በኩል ደመቅ ያለ ክንድ (ከማዕከሉ ተጠማዞ የሚወጣ የከዋክብት መስመር) ኖሮት የራሱ ብርሃን 40 ሳይሆን 50 ቢሆንስ? የሚቀረው 40 ይሆናል፣ ከ80 ግማሽ፤ መልሱ ከ0.51 ወደ 0.75 ዘለለ። ስለዚህ ክንዶቻቸው የተመጣጠኑ፣ እርስ በርስ ያልተጓተቱ ጥንዶችን ምረጡ። ሁለቱ ጋላክሲዎች በእርግጥ ተጠግተው የሚሳሳቡ ከሆነ ቅርጻቸው ተዛብቷልና ተመሳሳይነቱ ፈርሷል። ሌላ ወጥመድ ደግሞ የሰማዩ የራሱ ብርሃን ነው። ምስሉ ላይ ባዶ የመሰለው ቦታ እንኳ ዜሮ አይደለም፤ እሱን ሳትቀንሱ ብታካፍሉ ሦስቱም ቁጥሮች ያበጡና መልሱ ይበላሻል። ይህን ስህተት ያልሠራ ጀማሪ አላየሁም።

የጥንዶቹ ብዛት ድሮ ጭንቅ ነበር፣ በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ይታወቁ ነበር። በ2007 የተጀመረው ጋላክሲ ዙ የተባለ የኢንተርኔት ፕሮጀክት በጎ ፈቃደኞች የስሎን ሰማይ ቅኝት ምስሎችን እንዲመለከቱ አደረገ፤ በ2013 የወጣው ዝርዝር 1,990 ተደራራቢ ጥንዶች ይዟል። አብዛኛውን ያገኙት ተመራማሪዎች ሳይሆኑ ማታ ከሥራ መልስ ኮምፒውተር ከፍተው የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ፈረቃ ወጥቶ ስልኩን የሚነካካ ሰው ከማንም አላነሰም ለማለት ነው።

ምስል ስትመርጡ አንድ ምክር አለኝ። ኤንጂሲ 3314 የሚባለውን የሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ፎቶ ስታዩ ልባችሁ ይሰረቃል፤ አንዱ ጠምዛዛ በሌላው ጠምዛዛ ላይ ልክ ተቀምጦ፣ የፊተኛው ጥቁር አቧራ በኋለኛው ብርሃን ላይ እንደ ቀለም ተስሏል። ፊተኛው 117 ሚሊዮን፣ ኋለኛው 140 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃሉ። ግን ለመጀመሪያ ሥራ አትንኩት። ሁለቱም ጠምዛዛ ናቸው፤ የኋለኛው ራሱ ክንድና እድፍ ስላለው "አቧራው ባይኖር" የሚለውን መመለስ ይከብዳል። በሱ ፋንታ ቪቪ 191ን እዩ። 700 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ነጭና ልስልስ ሞላላ ከኋላ፣ ቁልጭ ያለ ጠምዛዛ ከፊት። በ2022 የዌብ ቴሌስኮፕ ምስል ከሃብል ምስል ጋር ተዋህዶ ሲወጣ፣ የጠምዛዛው የአቧራ ክሮች የሞላላውን ብርሃን ሲቆርጡት በዓይን ይታያል። መማሪያ መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ ሥዕል የለውም።

በዚህ መንገድ የተገኘው ትምህርትም ቀላል አይደለም፦ አቧራው እንደ ቅቤ እኩል አልተቀባም። ክንዶቹ ላይ ይወፍራል፣ በክንዶቹ መካከል በጣም ይሳሳል።

መቁጠር፦ የኮምቦልቻ መብራቶች

ይህ ዘዴ ከሁሉም የቆየ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያምረኝም እሱ ነው። ያቃጠለኝም እሱው።

ሀሳቡን ልጅም ይረዳዋል። ሰማዩ በሩቅ ጋላክሲዎች የተሞላ ነው። ሃብል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 ባዶ ወደሚመስል ትንሽ የሰማይ ቁራሽ አሥር ቀን ሲያፈጥ 3,000 ያህል ጋላክሲዎች ወጡ። እንግዲህ ጎረቤት ጋላክሲ ፊት ለፊት ሲቆም ከኋላው የሚታዩት መቀነስ አለባቸው፤ የቀነሱትን ያህል አቧራ አለ። ሃርሎ ሻፕሊ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በትንሹ የማጀላን ደመና (ስሙ ደመና ቢሆንም ጎረቤታችን የሆነ ትንሽ ጋላክሲ ነው) በኩል የሚታዩ ጋላክሲዎችን የቆጠረው በዚህ ሀሳብ ነው።

እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞከርኩት። የሃብል ምስል አወረድኩ፣ ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፣ 40 እጠብቅ ነበር፣ 50 አገኘሁ። ቀመሩ ውስጥ ሳስገባው አቧራው ከዜሮ በታች 0.24 ሆነ፤ ጋላክሲው ከጀርባው ያለውን ብርሃን ይጨምራል እንደ ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉኛል። ጉዱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ከማዶ የጋላክሲ መንጋ ነበር፤ ጋላክሲዎች እንደ ጤፍ እኩል አልተዘሩም፣ እዚህ ይሰበሰባሉ እዚያ ይሳሳሉ። ሁለተኛ፣ ከቆጠርኳቸው ግማሾቹ የጀርባ ጋላክሲ ሳይሆኑ የፊተኛው ጋላክሲ የራሱ የከዋክብት ስብስቦችና የጋዝ ደመናዎች ነበሩ። ትንሽ ደብዘዝ ያለ ክብ ነገር በሙሉ ጋላክሲ ይመስላል፣ በተለይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ።

ለሁለተኛው ችግር በ1998 ሮዛ ጎንዛሌዝና ባልደረቦቿ ያመጡት መላ ያስደንቀኛል። አቧራ የሌለበትን የሰማይ ምስል፣ ያንን የሃብል ጥልቅ ምስል የመሰለ፣ ይወስዳሉ። በኮምፒውተር በ0.5፣ በ1፣ በ1.5 ማግኒቲዩድ ያደበዝዙታል። እያንዳንዱን ጎረቤት ጋላክሲው ምስል ላይ ይዘሩታል። ከዚያ በዚያው ግርግር ውስጥ ከዘሩት ስንቱን መልሰው እንደሚያገኙ ይቆጥራሉ። በዓይን ድካም፣ በከዋክብት መጨናነቅ የሚጠፋው ሁሉ በዘሩትም በእውነተኛውም ላይ እኩል ስለሚደርስ ንጽጽሩ ትክክል ይሆናል። ቤኔ ሆልወርዳ በዚሁ መንገድ 32 የሃብል ምስሎችን ሠርቶ ክንዶች ከቀሪው ዲስክ (ከጋላክሲው ዝርግ አካል) ይበልጥ እንደሚጋርዱ አሳይቷል። ከተደራራቢ ጥንዶቹ ጋር መስማማቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለቱ መንገዶች የሚጋሩት ግምት የለማ።

የመጀመሪያው ችግር ግን በመላ አይፈታም፣ በብዛት እንጂ። ቀለል አድርገን እናስላ። 40 ጠብቃችሁ 20 አገኛችሁ፣ ግማሽ፣ 0.75 ማግኒቲዩድ። የ20 የዕድል መዋዠቅ 4.5 ያህል ነው። ስለዚህ እውነቱ ከ0.53 እስከ 1.03 የትም ሊሆን ይችላል፣ መንጋው ገና ሳይቆጠር። ለአንድ ጋላክሲ አንድ ቁጥር ከፈለጋችሁ ያስኬዳል፤ ለእያንዳንዱ ክንድ ለየብቻ ከፈለጋችሁ ግን ቆጠራው ውኃ ያነሰው ሊጥ ይሆንባችኋል። ርቀቱም አጣብቂኝ ነው። በጣም ቅርብ የሆነ ጋላክሲ ወደ ነጠላ ከዋክብት ተበትኖ የጀርባዎቹን ይውጣቸዋል፤ ሩቅ የሆነው ደግሞ ሰማይ ላይ ስለሚያንስ ከኋላው የሚገቡት ጥቂት ናቸው።

ቀለም፦ ጉምና ጭስ አንድ አይደሉም

እዚህ ላይ የሐረጎ ምሳሌዬ ይሰበራል፤ የሚሰበርበት ቦታ ግን ጠቃሚ ነው። ጉም መብራት አያቀላም። የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ሰማያዊውንም ቀዩንም እኩል ይጋርዳል፣ መብራቱ ይደበዝዛል እንጂ ቀለሙ አይለወጥም። በበጋ ማታ ከየቤቱ የሚወጣው የማገዶ ጭስ ደሴ ላይ ሲተኛ ግን ፀሐይዋ ጦሳ ጀርባ ስትገባ እንደ ፍም ትቀላለች፤ የጭስ ቅንጣት ደቃቅ ስለሆነ ሰማያዊውን ይበልጥ ይጥለዋል። የከዋክብት መሃል አቧራም እንደ ጭሱ ነው።

ስለዚህ ከጀርባ ያለ ጋላክሲ ሊኖረው ከሚገባው ቀለም ምን ያህል እንደቀላ ከታወቀ፣ አቧራው ይታወቃል። በእኛ ጋላክሲ አማካይ ሕግ መሠረት በሰማያዊና በአረንጓዴ-ቢጫ ብርሃን መካከል ያለው የመቅላት መጠን በ3.1 ሲባዛ የተጋረደውን ማግኒቲዩድ ይሰጣል። ጥሩነቱ እያንዳንዱ ጋላክሲ ራሱን የቻለ ምስክር መሆኑ ነው። ቆጠራ ስንት እንደጠፉ ብቻ ይጠይቃል፤ ቀለም የቀሩትን አንድ በአንድ ያናግራል። የአንድ ጋላክሲ የተፈጥሮ ቀለም በ0.1 ቢዋዥቅ እንኳ 60 ጋላክሲዎችን ስታማክሉ ስህተቱ ወደ 0.013 ይወርዳል።

ይህ መንገድ በማጀላን ደመናዎች ላይ በደንብ ተሠርቶበታል። ከ2019 ጀምሮ ካሜሮን ቤልና ባልደረቦቹ፣ ቺሊ ያለው 4.1 ሜትር መስታወት ያለው ቪስታ ቴሌስኮፕ በኢንፍራሬድ (ከቀይ ባሻገር ባለ፣ ዓይን በማያየው ብርሃን) ያነሳቸውን ምስሎች ከሌላ የሚታይ ብርሃን ቅኝት ጋር አጣምረው፣ የራሳቸው አቧራ ትንሽ የሆነ የጀርባ ጋላክሲዎችን መርጠው የደመናዎቹን የአቧራ ካርታ ሠርተዋል። ትልቁ ደመና 160,000፣ ትንሹ 200,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃሉ። ስፋታቸው ሰማይ ላይ ትልቅ ስለሆነ ከኋላቸው የሚገባው ጋላክሲ ብዛት ለቀለም ዘዴ የተፈጠሩ ያስመስላቸዋል። (ከደሴ ትልቁን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ጥር መጀመሪያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ደቡብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል። ኮረብታ ካልጋረደው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ይዘጋል፣ ሰማዩ ግን ይከፈታል።)

ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የእኛው ጋላክሲ አቧራ በመሃል አለ፤ ቀድሞ መቀነስ አለበት፣ ለዚህ በ1998 የወጣውና በ2011 የታረመው የሰማይ አቧራ ካርታ አለ። ሁለተኛ፣ 3.1 የሁሉም አገር ሕግ አይደለም፤ በትንሹ ማጀላን ደመና ቁጥሩ ያንሳል፣ የአቧራው ጠባይም ይለያል። ሦስተኛው የከፋው ነው። የደመናው ወፍራም ክፍል ከኋላው ያለውን ጋላክሲ ጨርሶ ይደብቀዋል፤ የተደበቀ ጋላክሲ ቀለሙን ለማንም አይናገርም። የምታማክሉት በስሱ በኩል ያለፉትን ብቻ ነው። የወደቁትን ትታችሁ ያለፉትን ብቻ ደምራችሁ የክፍሉን አማካይ ብታወጡ ርዕሰ መምህሩ ደስ ይለው ይሆናል፣ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። ለዚህ ነው ቀለምና ቆጠራ አንድ ላይ ሲሠሩ የሚጠነክሩት፦ ቆጠራው የጠፉትን ያስባል፣ ቀለሙ የተረፉትን።

ኢንፍራሬድ፦ እጅን በመስኮት ማውጣት

አቧራው የጋረደውን ብርሃን አያጠፋውም፤ ይሞቅበትና በኢንፍራሬድ መልሶ ይተፋዋል። 20 ኬልቪን ያህል የሞቀ አቧራ፣ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ብርሃኑ የሚጎላው የሞገዱ ርዝመት 145 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) አካባቢ ሲሆን ነው። ይህን አየራችን ስለሚውጠው መለካት የሚቻለው ከጠፈር ነው። በ1983 የበረረው አይራስ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እስከ 100 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሚያይ ቀዝቃዛው አቧራ አመለጠው። ከ2009 እስከ 2013 የሠራው፣ 3.5 ሜትር መስታወት ያለው ኸርሸል ቴሌስኮፕ እስከ 500 ድረስ አየ።

ለሙሉ ጋላክሲ ካርታ ይህን የሚያህል የለም። የጀርባ መብራት መፈለግ የለም፣ ጋላክሲው ራሱ ያበራል፣ የኸርሸል ምስሎችም በነፃ ይገኛሉ። እንዲያውም ለብዙ ተማሪ ቀላሉ ይህ ይመስላል። ቀላል የሚመስለው ግን ግምቶቹ ከቀመሩ ውስጥ ስለተደበቁ ነው፦ የአቧራው ሙቀት ስንት ነው? ቅንጣቱ ምን ያህል ያበራል? ትንሽ የሞቀ ጥቂት አቧራና በጣም የቀዘቀዘ ብዙ አቧራ ተመሳስለው ሊታዩ ይችላሉ።

ይህ የወረቀት ስጋት ብቻ አይደለም። አንድሮሜዳን፣ ኤም 31ን፣ ውሰዱ፤ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ፣ ኅዳር ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ በደሴ ሰማይ በሰሜን በኩል ከፍ ብላ በዓይን የምትታየው። በ2014 ከኢንፍራሬድ ብርሃኗ ተነስቶ የተሠራው ሞዴል ምን ያህል ብርሃን መጋረድ እንዳለበት ተናገረ። በ2015 ጁሊያን ዳልካንተንና ባልደረቦቿ በሃብል ምስል ላይ የራሷን የአንድሮሜዳ ቀይ ግዙፍ ከዋክብት መቅላት ተጠቅመው ለኩ። የአቧራው ቅርጽ በሚገርም ሁኔታ ገጠመ፤ መጠኑ ግን በ2.5 እጥፍ ገደማ ተለያየ። የኢንፍራሬዱ በዛ። ሁለቱም ቡድን ጎበዝ ነው፣ ሁለቱም መሣሪያ ምርጥ ነው። እንዲህ ያለ ጠብ ሲነሳ ሽማግሌ የሚሆነው ሦስተኛው ብርሃን ነው፣ ከማዶ የሚመጣው።

የቀሩት በአጭሩ

ኩዌዛር የሚባሉት እጅግ ሩቅና ደማቅ ነጥቦች ግሩም መብራት ናቸው፤ ነገር ግን ከአንድ ጎረቤት ጋላክሲ ጀርባ አንድ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ጉልበታቸው በጅምላ ነው፦ በ2010 የወጣ ጥናት 85,000 ኩዌዛሮችን ከ24 ሚሊዮን ጋላክሲዎች አቀማመጥ ጋር አገናኝቶ አቧራ ከጋላክሲዎቹ ብርሃን እጅግ ርቆም እንደተበተነ አሳይቷል። የሞቀ ሃይድሮጅን ጋዝ የሚያወጣቸውን ቀይና ሰማያዊ የብርሃን መስመሮች ማወዳደርም አለ፤ ያለ አቧራ ቀዩ ከሰማያዊው 2.86 እጥፍ ይሆናል፣ ከዚያ ከበለጠ ቀልቷል ማለት ነው። ንጹሕ ዘዴ ነው፣ ግን የሚናገረው አዲስ ከዋክብት ስለሚወለዱባቸው ደመናዎች እንጂ ስለ ዲስኩ በሙሉ አይደለም፤ ስፔክትረምም፣ ማለትም በየቀለሙ የተበተነ ብርሃን፣ ይፈልጋል።

እንግዲህ ማን የትኛውን ይያዝ?

አንድ ሴሚስተር ብቻ ላለው ተማሪ ተደራራቢ ጥንድ። ሌላ አትሞክሩ። አንድ ምስል፣ ሦስት ቁጥር፣ አንድ ማካፈል፤ የሚያስቸግረው ሁሉ ዓይናችሁ ፊት ነው፣ ስህተቱም የሚታይ ስህተት ነው። አማካሪያችሁ "ይህ ከየት መጣ?" ሲላችሁ በጣታችሁ ምስሉን ታሳያላችሁ። በሁለት የቀለም ማጣሪያ ከሠራችሁት ደግሞ የአቧራውን ጠባይ ጭምር ታገኛላችሁ።

የማስተርስ ተማሪ ሆኖ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የሚችል፣ የማጀላን ደመናዎችን ወይም አንድሮሜዳን የሚወድ፣ ቀለሙን ይያዝ። ዳታው ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ግን ከቤት በሞባይል ዳታ ከማውረድ ግቢ ገብቶ ሌሊት ማውረድ ይሻላል። ቆጠራን ብቻውን ለማንም አልመክርም፤ ከቀለም ጋር፣ የተዘሩ ጋላክሲዎች ተጨምረውበት ግን እጅግ ደስ የሚል ሥራ ነው። የጋላክሲውን ጠቅላላ የአቧራ ክብደት ለሚፈልግ ኢንፍራሬድ ግዴታ ነው፤ ውጤቱን ሲጽፍ ግን የአንድሮሜዳን 2.5 እጥፍ ግድግዳው ላይ ይለጥፍ።

ለሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ክበብ መምህራን ደግሞ ምስል እንኳ አያስፈልግም። ሁለት እኩል የእጅ ባትሪ፣ ከአንደኛው ፊት ስስ ነጠላ፣ በስልክ ካሜራ ፎቶ። ተማሪዎቹ ፎቶው ላይ የሁለቱን ድምቀት ያወዳድሩ፣ ነጠላውን አጥፈው ይድገሙ። የእኔ ተማሪዎች ነጠላው ሲታጠፍ የሚያልፈው ግማሽ ሳይሆን የግማሽ ግማሽ መሆኑን ራሳቸው ደረሱበት፤ ማግኒቲዩድ ለምን በሎጋሪዝም እንደሚሠራ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የሚኒባሱ ልጅ ተደራራቢ ጥንድ መረጠ። ባለፈው ሳምንት ማታ ደወለልኝ፣ ድምፁ ይጣደፋል። "ቲቸር፣ ደረሰ! በክንዶቹ መካከል እንኳ 2 ማግኒቲዩድ ተጋርዷል፣ ሁሉም የተሳሳቱ ይመስለኛል፣ በክንዶቹ መካከል እኮ ብርሃን አያልፍም!"

"ሰማዩን ቀንሰሃል?" አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ የላፕቶፑ ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማኝ።